እንደ ኮምፒውተር ዝም ማለት

እህቴ ጂንካ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። ውጭ አገር ለመማር በኮምፒውተር የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና ማለፍ ነበረባት። እንግሊዝኛውን ትችላለች፤ የከበዳት የኮምፒውተሩ ዝምታ ነው። እኛ ጋ ሰው ሲያወራ አድማጩ በየመሃሉ «እ፣ እ» ካላለ የተቀየመ ይመስላል። መለማመጃው ላይ ንግግሯን አቋርጣ ኮምፒውተሩን በአማርኛ «እየሰማኸኝ ነው?» ስትለው ሰዓቱ አለቀባት።

ስለዚህ እኔን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ። «እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቂው አንቺ! ካንቺ የተሻለ ኮምፒውተር ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ፈታኝ ሆንኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ከንፈሬን ገጥሜ አፈጠጥኩባት። አንድ ቀን ግን በእንግሊዝኛ ስለ ልጅነታችን ስታወራ «ካኮ» ብላ ያደግንበትን ቦታ ስትጠራ ሰማሁና «እ!» አልኩ።

«ኮምፒውተሬ ተበላሸ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ማለፏን የነገረችኝ ከአዲስ አበባ ደውላ ነው። «የፈተናው ኮምፒውተር ጨዋ ነው፤ እንዳንቺ አያፈጥጥም» አለችኝና ስለ ፈተናው ታወራልኝ ጀመር። እኔም እንደለመድኩት ዝም ብዬ አዳመጥኳት። መሃል ላይ ቆም አለች።

«አንቺ፣ ፈተናው እኮ አልቋል!»

«እ» አልኳት። ወሬዋን ቀጠለች።