ከምሳ በኋላ የመጣው ራእይ

ይህን ማውራት ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይጠበቅምና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሆሳዕና ከተማ አንዲት ወጣት መምህርት ለሴቶች ኅብረት ስታስተምር፣ «ጥንት ሰዎች አምላክን በሴት መልክም ያመልኩ ነበር፤ ሴትን ዝም ያሰኛት የወንድ ሥልጣን እንጂ ክርስቶስ አይደለም» አለች። አራታችን ሽማግሌዎች የኋላ ወንበር ላይ ተቁነጠነጥን። ወዲያው ልጅቷን ከመድረክ ለማገድ ቢሮ ገባን።

«ወንድሞች፣ ዛሬ ዝም ካልናት ነገ እኛን ዝም ታሰኘናለች!» አለ ወንድም ላምቤቦ፣ አንዴ እየተነሳ አንዴ እየተቀመጠ።

«አንቸኩል፤ ምሳ በልተን፣ ጸልየንበት እንመለስ» አልኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቆጮውን አቀረበችና፣ «ስማ፣ ልጅቷ ነገ ለጉባኤው ሁሉ ታስተምር። አለዚያ እኛ ሴቶቹ በሙሉ ቤታችን እንውላለን» አለችኝ። ጸለይኩ።

ስንመለስ ማንም የማንንም ዓይን አላየም። ላምቤቦ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ጌታ ተናገረኝ፤ ልጅቷ ነገ ለጉባኤው ሁሉ ታስተምር» አለ። እኛም በየተራ ያንኑ ቃል በቃል ደገምን። በዚህ ሰማያዊ አንድነት ተደንቀን ተቃቀፍን።

«ለመሆኑ የጌታ ድምፅ እንዴት ያለ ነበር?» አልኩት ላምቤቦን።

አቀርቅሮ፣ «ቀጠን ያለ» አለኝ።

አደራችሁን፣ ይህ ወሬ ጎረቤታችን ዶዮገና ከተማ እንዳይደርስ።