ያለ ሻርፕ የተነሳችው ፎቶ

«ለአንቺ ምስጢር መንገር ገበያ መሃል ቆሞ በድምፅ ማጉያ መጮህ ነው» አለችኝ የአጎቴ ልጅ፣ ፊት ለፊት።

እውነቷን ነው፤ አፌ አያርፍም። እግሬም አያርፍም። ሁለተኛ ደረጃ ልማር ከገጠር ከሀቢቾ ሆሳዕና ከተማ አጎቴ ቤት መጥቼ፣ ትምህርቱ ካለቀም በኋላ እዚያው ቀርቼ ከሷ ጋር አንድ አልጋ እንጋራ ነበር።

«እሺ፣ አትንገሪኝ። ግን ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያለቅሽው? ምሳ ከተውሽ እኮ ሰነበትሽ።»

ስልኳን ሰጠችኝ።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ፌስቡክ ያልከፈተ ወጣት አልነበረም። እሷም ከአንድ ልጅ ጋር የተዋወቀችው እዚያ ነው። የሆመቾ ልጅ ነኝ፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለኝ ይላል። መጀመሪያ የጻፈላት በሀዲይኛ ነው፣ ትምህርት ቤት በተማርንበት በላቲኑ ፊደል። በአማርኛ ቢሆን እንደ ሌሎቹ ብሎክ ታደርገው ነበር።

«በቋንቋችን እየጻፈ እንዴት ይዋሸኛል ብዬ» አለች።

«ሀዲያ አይዋሽም ያለሽ ማነው?»

የመጨረሻውን መልእክት አነበብኩት። ያለ ሻርፕ የተነሳሽውን ፎቶ ለአባትሽና ለወንድሞችሽ እልከዋለሁ፤ እንዳልልከው ከፈለግሽ ከዚህ የባሰ ፎቶ ተነስተሽ ላኪልኝ፣ ይላል። እሷ የላከችለት ፎቶ ከመልእክቱ በላይ አለ። የታጠበ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኖ ትስቃለች። እኛ ቤት ሴት ልጅ ራሷን ሳትሸፍን ከደጅ አትወጣም።

«የማን ልጅ ነው?» አልኳት።

«አላውቅም።»

እኛ ጋ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎሳ ነው፤ የአባቱ፣ የአያቱ፣ የእናቱ ወገን። ሆመቾ ደግሞ ሩቅ አይደለም። አጎቴ በአይሱዙው እህል ሊጭን ይመላለስበታል፤ ቢነገረው ኖሮ የልጁን ዘር ማንዘር ቆጥሮ ይመጣ ነበር።

«ጎሳውን ልጠይቀው ነበር» አለች። «ባላገር ይለኛል ብዬ ተውኩት።»

ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወደ ኋላ እየሄድኩ መልእክቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። እንዴት አደርሽ። ምን በላሽ። ብርዱስ? ጉሮሮሽ ተሻለሽ ወይ? ጉሮሮዋን አሟት እንደነበር ገና ከዚያ ማንበቤ ነው። ሰው ሲያወራ፣ ወጣቶቹ የሚታለሉት ውጭ አገር ስለሚያምራቸው ነው ይላል። ዝም ብሎ ወሬ! እናቷ ከሞተች ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ «እንዴት አደርሽ» ብሎ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ አልነበረም። ሁላችንም እየሄድን ነው የምንጠይቀው።

«ለአባትሽ ንገሪው።»

«ይገድለኛል።»

«አባትሽ? ዶሮ ለማረድ ጎረቤት የሚያስጠራው ሰውዬ?»

ልትስቅ ብላ ተወችው።

«የጠየቀሽን ብትልኪለት የሚያቆም ይመስልሻል?»

እጇን ይዤ ወደ ግቢ አወጣኋት። አጎቴ አይሱዙውን ያጥባል።

«አባ፣ አንድ ሰው…» አለችና ስልኩን ዘረጋችለት።

እጁን በሱሪው አድርቆ ተቀበላት። ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ፎቶውን አየ።

«ፀጉርሽ ረዝሟል» አለ።

አለቀሰች።

«ይኼን ነው ለእኔ የሚያሳየኝ? እናትሽ ከሞተች በኋላ ይኼን ፀጉር ማን ያጠበው መሰለው? ሹሩባ ልሠራሽ ስል ጎረቤቱ ሁሉ የሳቀብኝ እኔ አይደለሁም?»

«ወንድሞቼስ?»

«ከእኔ ይሰማሉ። ከሱ በፊት።»

«ለሰው ሁሉ ቢለጥፈውስ አባ?»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀው፣ መልሶ ነከረው።

«ከለጠፈው እንግዲህ ለጠፈው። ፖሊስ ጋም አብረን እንሄዳለን፤ ሰው ቢያወራም አብረን እንሰማለን። ሌላ ፎቶ ግን አትልኪለትም። ሰማሽኝ?»

«እሺ።»

ውሃውን ደፍቶ ባልዲውን ገለበጠና እላዩ ላይ አስቀመጣት። ሻርፗ አንገቷ ላይ ወርዶ ነበር፤ በእርጥብ እጁ ወደ ቦታው መለሰላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ጋራዥ ሂጂና ወንድሞቿን ጥሪልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና፣ ባጃጅ ሳልጠብቅ ወንድሞቿ ወደሚሠሩበት ጋራዥ በእግሬ ቁልቁለቱን ወረድኩ።