በደቂቃ ሁለት መቶ ስምንት

ያን ሰሞን ልቤን እቆጥር ነበር። ጠዋት ጫማዬን አስሬ ስጨርስ፣ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ወጥቼ አረፍ ስል፣ የማተሚያው ማሽን እስኪሞቅ ድረስ። መዳፌን ደረቴ ላይ ለጥፌ የስልኬን ሰዓት እያየሁ እቆጥራለሁ። ሁለት መቶ ስምንት። በማግሥቱ ሁለት መቶ ሁለት። ደስ አለኝ፤ በስድስት ቀንሷል ብዬ።

የምሠራው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የተማሪ ጽሑፍ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ ሳትም ደግሞ አነባለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አላውቅም፤ የማውቀውን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። ግጥሞቼንም የምጽፈው በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ የስንኙን ቀለም በጣቴ እየመታሁ፣ እየቆጠርኩ።

ልቤ መዝለል የጀመረው ሁዳዴ እንደገባ ነው። ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን የአንዲት የነርስ ተማሪ የቡድን ሥራ ሳትም ነው። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በደቂቃ ከስድሳ እስከ መቶ ይመታል፤ ከመቶ ካለፈ ፈጣን ይባላል፤ ወጣቶችም ላይ ይታያል ይላል። ምክንያቱ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ቀለም አለቀና ባዶ ወረቀት ወጣ። እኔ ደግሞ ሁለት መቶ ስምንት ነበርኩ።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ እኩያዬ ኳስ ሲጫወት ወድቆ አልተነሣም። ከለቅሶው ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛ ሄደች። ታላቅ ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ ቀርቷል፤ የቀረኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ አልነገርኳትም። ስትጠራኝ መጀመሪያ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው «አቤት» የምለው።

ተማሪዋ ጥራዟን ልትወስድ መጣች። ገጾቹን ስትቆጥር፣

«አንድ ጓደኛ አለኝ» አልኳት። «ልቡ ሁለት መቶ ስምንት ይመታል።»

«ተኝቶ ነው?»

«ቆሞ። ፎቶ ኮፒ ያነሣል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እስቲ ጓደኛህ እጁን ያምጣ።»

የእጅ አንጓዬን በሁለት ጣቷ ያዘች። «አንተ ደረትህ ላይ ቁጠር፣ እኔ እዚህ እቆጥራለሁ። ድምፅህን አውጣ።»

ገና ከመጀመራችን አስቆመችኝ። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እኔ አንድ ስል አንተ ሁለት ትላለህ። ዱብ ዱብ የሚለውን እኮ ነው ለየብቻ የምትቆጥረው! ሁለቱም ድምፅ አንድ ምት ነው። ግጥም መሰለህ እንዴ?»

ግድግዳው ላይ የለጠፍኳቸውን ስንኞች አይታ ነው። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እንደገና፣ አሁን በእሷ አቆጣጠር፣ ደቂቃው እስኪሞላ ቆጠርን።

«መቶ አራት» አለች። አልሳቀችም። «አሁንም ፈጣን ነው። ጾመኛ ነህ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ውኃስ?»

የከተማው ውኃ የሚቀዳው ከእኛ ሰፈር፣ ከዓይናለም ጉድጓዶች ነው፤ የእኛ ቧንቧ ግን ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ለመጠጥ የተለየች አንዲት ቢጫ ጀሪካን አለች፤ እናቴ እንዳታልቅባት እኔ በቀን ሁለት ብርጭቆ ብቻ እጠጣለሁ። ይህንን ሁሉ ነገርኳት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምጠጣውን ሦስት ስኒ ቡናም።

«ውኃ ማጣት ያፈጥነዋል፤ ቡናም፣ ፍርሃትም። የደም ማነስም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። እኔ ተማሪ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ሂድ። ራስህን ከሳትክ ወይም ደረትህን ካመመህ ደግሞ ነገ ብለህ አታሳድር።»

በማግሥቱ ሄድኩ። ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፈው ልቤን ወረቀት ላይ ጻፉት። ሐኪሙ አየውና «አመታቱ ደህና ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው» አለ። ደም ወሰዱ፤ ውጤቱ ዐርብ ይደርሳል ተባልኩ። እስከዚያ ውኃ፣ ከማለዳ ጀምሮ።

ከማለዳ። ይህ ነው የከበደኝ። ጀሪካኗን ከእናቴ ደብቄ መክፈት አልችልም።

ቤት ስደርስ ገና ስድስት ሰዓት ነው። ብርጭቆ አነሣሁ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?» አለች ከበስተኋላዬ። ከወሎ መጥታ እዚህ ካገባች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ስትቆጣ ግን የወሎ አማርኛዋ እንዳለ ነው። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?»

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ዐርብንም። ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደች፤ ጀሪካኗን አዘንብላ መቅዳት ጀመረች።

«ስንት ነው አልክ?»

«መቶ አራት።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ከመቶ በታች።»

«ለአራት ነው እንዲህ የተደበቅኸኝ?» አለች። «የንስሐ አባታችንን እኔ እጠይቃለሁ። ጠጣ።»

ጀሪካን ስታዘነብል ጠብታ የማታባክን ሴት ናት። ያን ቀን ግን ብርጭቆው ሞልቶ ውኃው በእጇ ላይ ሲፈስ፣ ወለሉንም ሲያርስ፣ እሷ የምታየው ደረቴን ነበር።