ቤቱ ሁሉ ደጅ የዋለበት ቀን

ሸዋ ሮቢት ላደግን ልጆች የወባ ሰዎች የሚመጡበት ቀን ከበዓል አያንስም ነበር። በዋዜማው የቀበሌው ለፋፊ ጥሩምባውን እየነፋ ይዞራል። «ነገ ቤት ይረጫል! ዕቃ ሁሉ ደጅ ይውጣ! እህልና ውሃ ይከደን!» ትልልቆቹ ያማርራሉ፤ እኛ እንፈነጥዛለን። በማግስቱ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ሣጥኑና ሰሌኑ ተግዞ ወጥቶ መንገድ ላይ ይደረደራል። ካንዱ አልጋ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ መሬት ሳይረግጥ ከመንገዱ ጫፍ የደረሰ ያሸንፋል። የዲዲቲው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከግድግዳው የሚረግፉትን ትኋኖች ዶሮዎች እንዳይለቅሙ ማባረር ደግሞ የእኛ ሥራ ነበር።

እማዬ ግን ያን ቀን አትወደውም ነበር። አባቴ መምህር ነው። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲዛወር እሷ እያለቀሰች ነው ቁልቁለቱን የወረደችው። ቆላ ለእሷ ወባ ማለት ነበር። እንደገባን መስኮቶቹን በጨርቅ ሸፈነች፤ ቤቱ እንደ ምድጃ እየጋለ እንኳ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን ትዘጋለች። ጎረቤት ገብቶ ተጫውቶ አያውቅም። እያደግሁ ስመጣ እንደገባኝ ግን የምትፈራው ቢምቢን ብቻ አልነበረም። አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈውን አልጋችንንና ባዶውን ሳሎን ሰው እንዳያይባት ነበር። የወባ ሰዎች ሲመጡ ግን ያ አልጋ ከነጡቡ ፀሐይ ላይ ይወጣል። እሷም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ትቆማለች።

አንድ ዓመት ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ገና ከጣርማ በር ሳይወርድ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ልጃቸውን ሰዓዳን ሊድሩ ተሰናዱ። ሰዓዳ ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ የምትሰማ ልጅ ነበረች። እናትና ልጅ ከወንዝ ዳር ቀይና ነጭ አፈር እያመጡ ግድግዳቸውን ሲያስጌጡ ሰነበቱ። ቀዩ ላይ በነጭ ቅጠልና ወፍ ሥለው፣ ከላይ አበባ ያለባቸውን የብረት ሳህኖች ደረደሩ። የሰፈሩ ሰው እየመጣ «ማሻአላህ!» ይል ነበር። ከዚያ የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት የወባ ሰዎች መጡ።

እትዬ ዘሀራ ዕቃቸውን በሙሉ አወጡ፤ ራሳቸው ግን በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ወላሂ አትገቡም! ነገ ሰርግ ነው። የሙሽራው ወገን ከአሊዩ አምባ ድረስ መጥቶ ነጭ ውሃ የተዝረከረከበት ግድግዳ ሊያይ ነው? ሰርጉ ይለፍና ርጩ።»

የረጪዎቹ አለቃ ጋሼ ደምሴ የሚባሉ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። «እናቴ፣ ነገ ሌላ ሰፈር ነን። ተመልሰን የምንመጣው ለከርሞ ነው። አንድ ቤት ከቀረ ደግሞ ቢምቢው ሁሉ እዚያ ነው የሚሰፍረው» አሏቸው።

«እንግዲያው ለከርሞ!»

ሰው ተሰበሰበ። ይሄኔ ሰዓዳ፣ ሂና የተቀቡ እጆቿን አጣምራ፣ ከጓሮ በኩል መጣች። አምና መስከረም ወባ ጥሏት፣ በቃሬዛ ነበር ጤና ጣቢያ የወሰዷት። ፀጉሯ እንኳ ረግፎ በቅርቡ ነው የበቀለላት።

«እማ» አለች ቀስ ብላ። «አምና እዚሁ ግድግዳ ሥር ስንቀጠቀጥ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ ከርመሻል። እኔ ነገ እሄዳለሁ። አንቺና ታናናሾቼ ግን እዚሁ ናችሁ። ወፎቹ ይቅሩብኝ።»

እትዬ ዘሀራ እጃቸው ዝቅ አለ። ደፉ ላይ ቁጭ ብለው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሼ ደምሴም ረጪዎቹም ባሉበት ቆሙ፤ ማንም ለመግባት አልደፈረም።

ያኔ ነው እማዬ የተናገረችው። ሸዋ ሮቢት ከገባን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም ነበርና ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «እትዬ ዘሀራ፣ ቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቷል። ሰርጉስ ለምን ደጅ አይሆንም? ማንም ዕቃውን አያስገባ። ጠረጴዛውም ወንበሩም ይኸው!» ይህን ብላ ሣጥኗን በሕዝብ ፊት ከፈተች፤ ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ ያልተነጠፈውን የዳንቴል አልጋ ልብሷን አወጣች። «ሙሽራዋ እዚህ ላይ ትቀመጥልን።»

እትዬ ዘሀራ ትንሽ አይተዋት፣ «አንቺ ልጅ፣ እስከዛሬ የት ተደብቀሽ ኖረሻል?» አሉና ከደፉ ተነሡ። ረጪዎቹ ገቡ። እሳቸው ግድግዳውን ዞረው አላዩም።

ቀኑን ሙሉ መንገዱን ሳሎን ስናደርገው ዋልን። ሴቶቹ ሳህኖቹን በገመድ አስረው አጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ጎረምሶቹ ዳስ ጣሉ። በማንጎው ሥር የሰፈሩ ምርጥ ወንበሮች ተደረደሩ። በማግስቱ የሙሽራው ወገኖች ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ ግራና ቀኝ አይተው፣ «የዚህ ቤት በሩ በየት ነው?» አሉ።

«በፈለጉበት ይግቡ!» አሏቸው እትዬ ዘሀራ።

ድቤው ተመታ፤ እልልታው ቀለጠ። እማዬ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ የሠራችውን ወጥ እየዞረች ታድል ነበር። ሦስት ወፍራም እንግዶች እኛ አልጋ ላይ እኩል ሲቀመጡ ጡቡ ተንሸራቶ አልጋው ከነሰዎቹ ዘጭ አለ። እኔ እፍረት ሊገድለኝ ደርሶ እማዬን አየኋት። ጭልፋውን እንደያዘች ከት ከት ብላ ትስቃለች! እንዲያ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው። አባቴ እንኳ ሰዎቹን ማንሣት ትቶ እሷን ያያት ነበር።

በሳምንቱ የመስኮቱ ጨርቅ ወረደ። አባቴ ወንፊት ሽቦ መታበት፤ ነፋሱም ጨዋታውም ገባ። አመሻሽ ላይ እማዬ ከእትዬ ዘሀራ ጋር ደጅ ትቀመጣለች፤ የዚያን ዘመን ሰዓት እላፊ እስኪደርስ ሳቃቸው አያቋርጥም። ሰዓዳ ዛሬ የልጅ ልጆች አይታለች። እኔን ባገኘችኝ ቁጥር ያንን አልጋ እያነሣች ትስቅብኛለች።

አሁን ሸዋ ሮቢት ስሄድ ቤቱ ብሎኬት፣ መስኮቱ መስታወት፣ አልጋው ላይ አጎበር ነው። ደስ ይላል፤ ልጆች እንደ ሰዓዳ በቃሬዛ አይወሰዱም። ዕቃ ደጅ የሚታየው ግን ሰው ቤት ሲለቅ ብቻ ነው። እኔም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዓመታት ስኖር የጎረቤቴን ስም አላውቅም ነበር። ኮሮና ገብቶ በር ዝጉ ሲባል፣ ሁለታችንም አየር ፍለጋ በረንዳ ወጣን። ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ «ሐና እባላለሁ» አለችኝ። ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ እስከዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዛሬ ሐና ቤት ሳላንኳኳ ነው የምገባው።