የሌላ ሴት ፍርድ፣ የልጄ ፊት

ልጄ ለንደን ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። እኔ ቤድፎርድ ነው የምኖረው፤ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች ተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ።

ለንደን ውስጥ አንዲት ሐበሻ ሴት የምትንከባከባቸውን አሮጊት በመምታቷ ተፈረደባት። ስሟ ከልጄ ስም ጋር አንድ ነው፤ የአባቷም ጭምር። አንድ ጋዜጣ ፍርዱን በድረ ገጹ ሲያወጣ የልጄን ፎቶ ከፌስቡክ ወስዶ ለጠፈበት። የክርስትና ልጇን ታቅፋ የተነሳችው ነበር። ሕፃኑን ቆርጠው ጣሉት። ክንዷ ባዶ ታቅፎ ቀረ።

የአረጋውያኑ ቤተሰቦች ፎቶውን አይተው ስልክ አጨናነቁ። አሠሪዎቿም ጋዜጣው ራሱ ስህተቱን በጽሑፍ እስኪያምን ቤት ተቀመጪ አሏት።

«እማዬ፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ በስልክ።

«እኔም ሰጥቼዋለሁ። ስምሽን ግን ለእነሱ አልሰጥም።»

በምሳ እረፍቴ ስልኬን ስበረብር የአንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ ብሎግ አገኘሁ። በፍርድ ቤት ጉዳዮችና በጋዜጦች ላይ ስለሚቀርቡ አቤቱታዎች ይጽፋል። የእኔ እንግሊዝኛ ከአውሮፕላን ማረፊያው «ጌት» እና «ቦርዲንግ» አያልፍም፤ አንዱን ጽሑፍ ሦስት ቀን አነበብኩት። የገባኝ ይህ ነው፦ የእንግሊዝ ሕግ የችሎቱን ውሎ በትክክል ለዘገበ ጋዜጣ ከለላ ይሰጣል። ያልተከሰሰ ሰው ፊት ለለጠፈ አይሰጥም። ክስ አቅም ይጠይቃል፤ የጋዜጦችን ስህተት ለሚያዩ አቤቱታ ሰሚዎች ማመልከት ግን በነፃ ነው፣ ቀነ ገደብም አለው።

በዚያው ቀን አቤቱታውን ሞላሁ። በስሜና በአባቴ ስም ፈረምኩ። ልጄን አልጠየቅኋትም።

አቤቱታ ሰሚዎቹ መለሱልኝ፦ የቤተሰብ ስማችሁ አይመሳሰልም፤ ለመሆኑ ምኗ ነዎት? ፈቃዷስ የታለ?

ምኗ ነዎት! እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ እናትና ልጅ አይጋሩትም። ይህን መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለልጄ ስነግራት ጮኸችብኝ። «ሳትጠይቂኝ ኮምፕሌን አደረግሽ? አንቺም እንደ እነሱ ስሜን ወስደሽ ያሻሽን አደረግሽበት!»

እውነቷን ነው። «ይቅርታ» አልኳት።

ቀጥላ ጠየቀችኝ፦ «እንግሊዝኛውን ማን አረመልሽ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል» ብላ ሳቀች። «በይ የሚፈረመውን ላኪልኝ።»

ፈቃዷ ሲደርስ ጋዜጣው መልስ ሰጠ። ስሟም የቤተሰብ ስሟም ከተፈረደባት ሴት ጋር አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም በአንድ ከተማ ሁለት ሰው ይኖረዋል ብለን ልንጠረጥር አይገባንም አሉ። እዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ያንን ስም ከነአባቱ ብትጠሩ ሦስት ሴቶች ይዞራሉ። አንድ ሐበሻ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይነግራቸው ነበር። አልጠየቁም።

ይህንኑ ለጠበቃው ጻፍኩለት። ፈቃዳችንን ጠይቆ፣ ማንነታችንን ሳይጠቅስ፣ ብሎጉ ላይ አወጣው፦ የቤተሰብ ስም የማይጠቀም ሕዝብ አለ፤ ስም መመሳሰሉ ብቻ ፎቶ ለመለጠፍ አያበቃም። ምንም ክፍያ አልጠየቀኝም። ውለታውን እግዚአብሔር ይክፈለው፤ ስሙን በጸሎቴ አነሳዋለሁ።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ጋዜጣው ለመስማማት ጠየቀ። ፎቶውን ያነሳል፣ ከዘገባው ግርጌም አራት መስመር ማስተካከያ ያወጣል። ካልተስማማን የአቤቱታ ሰሚዎቹ ኮሚቴ ይወስናል፤ ወራት ይፈጃል። እኔ እምቢ በይ አልኳት። ፊቷን አናት ላይ ለጥፈው እውነቱን ግርጌ!

«እማዬ፣ እዚያ በእኔ እጅ ካልሆነ የማይበሉ አሮጊቶች አሉ» አለችኝና ፈረመች። በማግስቱ ሥራ ገባች። ተመስገን።

አራቱን መስመር ደጋግሜ አነበብኩ። «ማስተካከል እንወዳለን» ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ይቅር በያቸው» አሉኝ።

«አባ፣ ይቅር በይኝ ያለኝ እኮ የለም።»

«እስኪሉሽ ልትጠብቂ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቂም ይዘሽ አትቁረቢ።»

ያለፈው እሑድ ሌሎች ሲቆርቡ እኔ ቆሜ አየሁ።