ከኪቦርዱ ላይ የላጥኳቸው ፊደላት

ከዚህ በፊት ከስሜና ከፊርማዬ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልበትም፤ ገበያ ወጥቼ ዋጋ የምጠይቀው እንኳ ሻጩ ቀና ብሎ እስኪያየኝ ቆሜ ጠብቄ ነው። ይህን የምጽፈው ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ የደረሰብኝ ነገር እስካሁን ልቤን ስላላሳረፈው ነው። ሬዲዮ ላይ የሙዚቃ ኪቦርድ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ደግሞ መልሼ አነሣዋለሁ።

ደብረ ታቦር ውስጥ መምህራን በሚሠለጥኑበት አንድ ግቢ በጽዳት ሥራ ተቀጥሬአለሁ። ቤታችን ጋፋት በኩል ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ነው የምመጣው። ክረምት ሲገባ ከየወረዳው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ለሥልጠና ይመጣሉ። ከመካከላቸው ሙዚቃ የሚሠለጥኑ ነበሩ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሒሳብና አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ «ሙዚቃም ጨምሩበት» ተብለው የተላኩ ናቸው።

የሙዚቃ ክፍሉ የሚገኝበትን ኮሪደር የምወለውለው እኔ ነኝ። ጭቃው ስለማያልቅ በቀን አራት አምስት ጊዜ እወለውለዋለሁ። በዚያው ትምህርቱን እሰማለሁ። ባዶዋ ክብ ኖታ አራት ምት ትቆያለች፤ እግር ያላት ጥቁር አንድ ምት ብቻ። ድሮ የአውሮፓ መነኮሳት ዜማቸውን በአራት መስመር ይጽፉ ነበር፤ አምስተኛው መስመር በኋላ የመጣ ነው። የሙዚቃ መምህሩ ይህን ሲያስተምሩ አንድ ሠልጣኝ «የእኛዎቹ ታዲያ ያለ ምንም መስመር ከፊደሉ ራስ ላይ ምልክት አድርገው ያዜሙ የለም እንዴ?» ብሎ መምህሩን ሲሞግት አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳለፈ አስታውሳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የለመድኩት ከታች ወደ ላይ የሚወጡትን ስምንት ድምፆች ነው። መምህሩ «ሰባት ናቸው፤ ስምንተኛው ተመልሶ የመጀመሪያው ነው» ይሉ ነበር። ሠልጣኞቹ ቀኑን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ ስለሚውሉ እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ በሆዴ እወጣና እወርድ ነበር።

ከሠልጣኞቹ አንዷ እትዬ አሰገደች ይባላሉ። ከገሳይ አካባቢ የመጡ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ወለሉን ወልውዬ ሳይደርቅ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ የሚያልፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያለፈውን ክረምት የተግባር ፈተና ወድቀዋል። ዘንድሮም ከወደቁ ሌላ ዕድል የለም፤ የሁለት ክረምት ድካማቸው ያለ ምስክር ወረቀት ይቀራል። ይህን ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የተግባር ፈተናው ቀን ጠዋት ሠልጣኞቹ አዳራሽ ገብተው የጽሑፉን ይፈተኑ ነበር። የጽዳት ኃላፊያችን እንግዳ ይመጣል ብለው ተጨንቀዋል። «ዴስኩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይጥፋ። አንዲት ፊደል እንዳላይ!» አሉኝ። ሠልጣኝ ሲባል ትልቅ ሰውም ቢሆን ዴስክ ላይ መጻፍ አይተውም። ስም ይጽፋል፣ መልስ ይጽፋል፣ አንዳንዱም መልሱን በፕላስተር ላይ ጽፎ ይለጥፋል።

ዴስኮቹን በበረኪና ፈትጌ ስጨርስ በጨርቅ የተሸፈነው ኪቦርድ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጨርቁን ገልጬ አላውቅም። ስገልጠው ነጮቹ ቁልፎች ላይ በሙሉ የቆሸሸ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በእያንዳንዱ ላይ በእስክርቢቶ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎበታል። ጽሑፉ ግማሹ ለቋል። እዚህም መልስ ጻፉበት አልኩና ሠላሳ ስድስቱንም በጥፍሬ ላጥኳቸው። ባልዲ ውስጥ ጣልኳቸው፤ ከቆሻሻው ውኃ ጋር ቦይ ውስጥ ደፋኋቸው። ቁልፎቹ ሲነጡ ደስ አለኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠልጣኞቹ ከአዳራሹ ወጡ። እትዬ አሰገደች በረንዳው ላይ ጌታሁን ለሚባል ከንፋስ መውጫ ለመጣ ወጣት መምህር ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«እኔ እንደ አንተ በቃሌ አልይዘውም» አሉ። «መምህሩ ቁልፎቹ ላይ የለጠፉት ፊደል ባይኖር አንዷንም አላውቃት። እሱን እያየሁ ነው የምጫን።»

«ፊደሉም እኮ ለቋል፣ እትዬ።»

«ቢለቅም ለእኔ ይበቃኛል። ምን ልሁን ብለህ ነው!»

ሄጄ ልናገር ብዬ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ፤ ሁለቱም ዞር ሲሉ መወልወያዬን የፈለግሁ መስዬ ተመለስኩ። ቦዩ ጋ ሮጥኩ። ዝናቡ ሁሉንም ወስዶታል።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ፕላስተር ገዛሁ። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። በመቀስ ቆራረጥኩት። የእንግሊዝኛ ፊደል ከትምህርት ቤት አውቃለሁ። ከላጥኳቸው ውስጥ ከጂ የሚያልፍ ፊደል እንዳላየሁም ትዝ አለኝ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፤ ሰባት ናቸው። መምህሩም ሰባት ናቸው ብለዋል። ስለዚህ በስተግራ ካለው ከመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ኤ ብዬ ጀመርኩ፤ ጂ ላይ ስደርስ እንደገና ወደ ኤ እየተመለስኩ እስከ ዳር ለጠፍኩ። ትልልቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ነክቼ ልሞክረው ብል መብራት የለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

የመጨረሻውን ስለጥፍ በሩ ተከፈተ። እትዬ አሰገደች ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ምሳ አልወጡም። ኪቦርዱን አይተው ቆሙ።

«ይኸን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ... አሮጌው ቆሽሾ ነበር» አልኩ። ቀሪውን መናገር አቃተኝ።

«እሰይ! ዓይኔን አበራሽልኝ እኮ። መነጽሬም አላስፈለገኝ። እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ውለጂ፣ ክበጂ» ብለው መረቁኝ። ተቀምጠውም ድምፅ የሌላቸውን ቁልፎች በጣታቸው መጫን ጀመሩ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያሉ እስከ ስምንት ሰዓት ሲለማመዱ ቆዩ። እኔ ውጭ ሆኜ ወልውዬ የጨረስኩትን ወለል መልሼ እወለውል ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምርቃቱ አላስቆመኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ፈተናውም ተጀመረ። ሠልጣኞቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ የቀሩት ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ። ፈታኙ ያው የሙዚቃ መምህሩ ናቸው፤ በኪቦርዱ ማዶ ስለሚቀመጡ የሚያዩት የተፈታኙን ፊት ነው እንጂ ቁልፎቹን አይደለም።

መጀመሪያ ጌታሁን ገባ። ስምንቱን ድምፆች እንደ ውኃ አወረዳቸው። እፎይ አልኩ። እሱ ግን በቃሉ ስለሚያውቀው ፊደሉን ዝቅ ብሎም አላየውም፤ ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ገባ። ከሲ ጀምረህ ውጣ ተባለ። ሲጀምር ድምፁ ጎበጠ። ስምንቱ ድምፆች ለእኔ ደረጃ እንደ መውጣት ነበሩ። አሁን ግን ገና የመጀመሪያው እርምጃ አጥሮ፣ እግሩ የተደናቀፈ ሰው ይመስል ነበር። «እንደገና» አሉ መምህሩ። እንደገናም ያው ነው። ሦስተኛም ሞከረ። ሲወጣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ «ጠፋኝ እኮ! እንዴት ይጠፋኛል?» ይላል።

እሱ አልጠፋውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አላወቅሁም፤ መሳሳቴን ግን ጆሮዬ ነገረኝ።

«ወይዘሮ አሰገደች!» የሚል ጥሪ ከውስጥ መጣ። ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አማተቡ። ሲያልፉ ትከሻዬን መታ አደረጉኝና «በይ ጸልዪልኝ» አሉኝ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ባልዲውን አነሣሁ። አስቀመጥኩት። ማንም አያውቅም፤ ዝም ብል ቢወድቁ ሰው ሁሉ «ያው አምናም ወድቀው የለ» ነው የሚለው። ይህን ሳስብ ነው እጄ በሩን የከፈተው። መወልወያውን እንደያዝኩ ገባሁ።

«ምን ፈልገሽ ነው? ፈተና ላይ ነን» አሉ መምህሩ።

«ፊደሉ» አልኩ።

«የምን ፊደል?»

«ኪቦርዱ ላይ ያለው። የእኔ ነው። የእርስዎን ቆሻሻ መስሎኝ ልጬ ጣልኩት፤ ከዚያ እኔ ጻፍኩበት። ልክ አይደለም። ቅድም የገቡት መምህር የተበላሸባቸው በእኔ ነው።» በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

መምህሩ ተነሥተው ዞረው መጡ። ቁልፎቹን አዩ። በስተግራ ዳር ያለውን ቁልፍ በጣታቸው ነኩ።

«ኤ የሚለውን ፊደል እዚህ ያስቀመጥሽው ለምንድን ነው?»

«ፊደል ከኤ ስለሚጀምር።»

በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ። ጌታሁን «መምህር፣ ልጅቷ ልክ ናት! የተሳሳተው ኪቦርዱ ነው!» ብሎ ጮኸ። መምህሩም ሳቁ። እትዬ አሰገደች ብቻ አልሳቁም። አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣታቸውን አዩ። «ታዲያ እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የተለማመድኩት...» ብለው አልጨረሱትም።

መምህሩ ጥቁሮቹን አሳዩኝ። «ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ አየሽ? ከሁለቱ በስተግራ ያለው ነጭ ሁልጊዜ ሲ ነው። የዚህ ኪቦርድ የመጀመሪያ ቁልፍም ሲ ነው።» ለምን ከኤ እንደማይጀምር ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ እስካሁን አላውቀውም።

የእኔን ፊደላት ልጠን በቦታቸው መለስናቸው። ያ የተበላሸበት መምህር ተጠርቶ ደገመና በደንብ ተጫወተ። የእትዬ አሰገደች ጣት ግን የተሳሳተውን ለምዶ ነበር። ዓይናቸው ትክክለኛውን ፊደል እያየ፣ እጃቸው ቀትር ላይ ወደለመደው ቦታ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አቆሙ። መምህሩ «ይረጋጉ፤ መጨረሻ ላይ ይግቡ» ብለው አስወጧቸው። ኮሪደሩ ላይ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ሲለማመዱ፣ አጠገባቸው ለማለፍ ስለፈራሁ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ።

መጨረሻ ላይ ገቡ። እያንዳንዷን ድምፅ ባዶ ክብ ኖታ ይመስል እያቆዩ፣ በጣም ቀስ ብለው ወጡ። ደረጃው ግን ቀጥ ያለ ነበር። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ እኔ መወልወያዬን ጨምድጄ ይዤ ነበር። ከክፍሉ ሲወጡ አላዩኝም።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ስማቸውን ካለፉት ዝርዝር መጨረሻ ላይ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጽዳት ኃላፊያችን ግን ነገሩን ሰምተው ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዚቃ ክፍሉ እንዳልደርስ ከልክለውኝ የውጪውን መጸዳጃ ቤት ሰጡኝ። አላማረርኩም። እትዬ አሰገደችም ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም።

አሁን ሰዎች ልክ አድርገሻል ይሉኛል። እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ የተናገርኩት አይደለም። በሩ ፊት ባልዲውን አንሥቼ ያስቀመጥኩባት ያቺ ጊዜ ናት። ብዙም አልቀረኝም ነበር። ዝም ለማለት የሚያስፈልገኝ ምንም አልነበረም፤ እንደ ወትሮዬ መሆን ብቻ።

ሠልጣኞቹ ወደየአገራቸው ሲመለሱ ከመናኸሪያው አጠገብ እትዬ አሰገደችን የገሳይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው አየኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል በመስኮት ጠሩኝ። ተጠጋሁ። ሚኒባሱ ሞተር አስነሥቷል። እጄን በመስኮቱ ሳብ አድርገው ያዙትና እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብትይ ኖሮ እኮ፣ ወድቄም ስመርቅሽ እኖር ነበር።»