ወንዙ ባሕር የሆነበት ዘፈን

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ጎዶሎ ዘፈን ይዤ ነው። እናቴ ስታስተኛኝ የምትዘፍንልኝ ረጅም የታሪክ ዘፈን ነበር። ሙሽራ ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች፣ ልጅ ከማዶ ትጣራለች፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሙሽራ ከየት ልጅ አመጣች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ አምና አረፈች። ልጄ መጨረሻውን ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። የሚያውቁት እትዬ ማርታ ብቻ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሮም ከእናቴ ጋር አብረው ሠርተዋል።

ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ ማክሰኞ

እትዬ ማርታ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ አሳንሰር የለም። ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ «ቪስቶሽ፣ ቪዛሽ ማለቴ፣ ስንት ቀን ነው?» አሉኝ። አሥር ቀን ስላቸው ቅር አላቸው። በርበሬ የበዛበት ፓስታ አቀረቡልን። አብሮን የበላው አማቻቸው ያኩፕ ከሰሜን አትላንቲክ፣ ከፋሮ ደሴቶች የመጣ፣ የማድ ቤቱን በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሰው ነው።

ከምሳ በኋላ እትዬ ማርታ ዘፈኑን ጀመሩ። ሙሽራዋ ወንዝ ተሻገረች፣ ወንድሟም ከማዶ ተጣራ። አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ተሳስተዋል። ባሕር ነው፤ የምትጣራውም ልጅ ናት» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። ዘፈኑን ትተው ሳህን ማንሳት ጀመሩ። ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ያኩፕ ነገሩን ጠይቆ ሲገባው ሳቀ። በጣሊያንኛ የሚያወራውን እትዬ ማርታ እንዳኮረፉ ተረጎሙልኝ። በአገሩ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ሠርቶ፣ ያለ መሣሪያ፣ ወለሉን በእግሩ እየመታ መቶ ምናምን ስንኝ ያለው የጀግና ታሪክ ይዘፍናል። አውጪው ቢሳሳት እንኳ ማንም አያቋርጠውም፤ ጭፈራው ይበተናላ። አያቱ የሚያወጡትን ዘፈን ከሁሉም የቆየ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሲያድግ ነው ከሌላ የቀደመ ዘፈን እንደተሠራ ያወቀው፤ አንዱ የድሮውን ታሪክ ወስዶ፣ ስም ቀይሮ፣ አዝማቹን ከሌላ ዘፈን አምጥቶ አዲስ አድርጎታል። የጎረቤቱ መንደር ደግሞ በሌላ መልክ ይዘፍነዋል። የትኛው ነው ትክክሉ ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱም ይጨፈርባቸዋል አለኝ።

እትዬ ማርታ ሳህኖቹን ማጠቢያው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ «ነገ ባሕሩ ዳር፣ ኦስቲያ እንሄዳለን» አሉኝ።

ኦስቲያ፣ ረቡዕ

ከፒራሚዴ ጣቢያ በአንድ ዩሮ ተኩል ቲኬት ባቡር ያዝን። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ በሰባት ዩሮ ገዝተን አሸዋው ዳር ተቀመጥን። የዋናው ወቅት ስላለፈ የፀሐይ ጃንጥላዎቹ ተነሥተዋል። እናቴና እሳቸው አንድ በጋ ሙሉ እዚህ ጃንጥላ ሲዘረጉና ሲያጥፉ ውለዋል።

«ዘፈኑ የአያቴ ነው፤ እናትሽን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ወንዝ ነው፣ ወንድም ነው። አንቺን የሦስት ዓመት ልጅ ለአያትሽ ትታ ነው የመጣችው። ጃንጥላ እያጠፈች ስትዘፍን ወንዙን ባሕር አደረገችው። በወንድምየው ቦታ አንቺን አስገባች። ያኔ እኔም እንዳንቺ ተሳስተሻል ብያት ነበር።»

ያን ሁሉ ዘመን ከማዶ የምትጣራው ለካ እኔ ነበርኩ።

«መጨረሻውስ?» አልኳቸው።

«በአያቴ ዘፈን ወንዙ ይሞላል፤ ሙሽራዋም አትመለስም። እናትሽ ይሄን አልዘፍንም አለች። አሎራ፣ እንግዲህ በመስከረም ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አንቺ ተመለሰች።»

ዓሣው በእጄ እንደያዝኩት ቀዘቀዘ። አለቀስኩ፤ እሳቸውም አላባበሉኝም።

ቦሌ

ልጄ ከአባቷ ጋር መጥታ ተቀበለችኝ። ገና ታክሲ ውስጥ እንደገባን መጨረሻውን አገኘሽው ወይ አለችኝ። ትክክለኛውን ላመጣላት ሄጄ ባዶ እጄን እንደተመለስኩ ልነግራት ከበደኝ። ስለዚህ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጅቷ ከማዶ ተጣራች፣ እናትየዋም ሰምታ በጀልባ ተመለሰች ብዬ ከራሴ ጨመርኩበት።

«በጀልባ አይደለም» አለች ልጄ። «በአውሮፕላን ነው።»

እውነቷን ነው። አዝማቹን መልሼ ያዝኩና በአውሮፕላን አመጣኋት።